የትናንት ምርቃት

«አንድ ጊዜ ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢው» አለ ቀበሮ፣ መጫኛውን በአህያ ሆድ ሥር እያሾለከ።

አህያ ትንፋሿን ሳበች። ያዘች።

«አሁን ልቀቂው።»

ለቀቀችው። ወዲያው ቀበሮ መጫኛውን ሸመቀቀ። ትንፋሿ የነበረበት ቦታ ላይ ገመዱ ገባ።

«ከበደሽ እንዴ?»

«ከትናንቱ ይከብዳል፣ አያ ቀበሮ።»

«መክበዱማ ደግ ነው። ከትናንቱ ካልከበደ አገር ቆመ ማለት ነው።»

የሸክሙ ባለቤት ጅብ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አጥንት ይቆረጥማል። አፉ እንደሞላ «ምርቃቱስ?» አለ። «ምርቃቱን ረሳችሁት።»

በአራዊት ከተማ ልማዱ እንዲህ ነበር። ሸክም ተሰፍሮ ሲያልቅ ከላይ አንድ እፍኝ ጣል ይደረግበታል። ይህ ምርቃት ይባላል። ገበያ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው ምርቃት ከስፍር አይገባም፤ የደስታ ነገር ነው። ቀበሮ እፍኙን ጣል ሲያደርግ የፊት እግሩን ወደ ሰማይ ያነሣና «ይጨምር» ይላል። ገበያው በሙሉ «አሜን» ይላል። አህያም ከሁሉም ጋር «አሜን» ትላለች። ምርቃት እኮ ነው። ምርቃትን እምቢ የሚል ማን አለ?

በነጋታው ግን ስፍሩ የሚጀምረው ከትናንቱ ሸክም ነው። የትናንቱ ምርቃት ውስጡ ገብቶ ስፍር ሆኗል። በላዩ አዲስ ምርቃት ይመጣል። ይጨምር። አሜን። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ።

አህያ ይህን አስባው አታውቅም። ለማሰብ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ጀርባዋ ገጣባ ነበር። ቁስሉ ሊጠግግ ሲል ኮርቻው ይመለስበታል። የእህሉን ሸክም ከቆላው ገበያ ተሸክማ አቀበቱን ትወጣለች፤ የጅብ እህል በሚከማችበት በአንበሳ ጎተራ ደጃፍ ላይ ታራግፋለች፤ ባዶ ጆንያውን ይዛ ትመለሳለች። ከገበያው መግቢያ ድንጋይ ላይ የአንበሳ ሕግ ተቀርጿል፦ «የሚሸከም አይበላም።» ከዚህ ሌላ ሕግ አልነበረም። ጅብ ሸክም የምትሸከምን አህያ መብላት አይችልምና በዚህ ሕግ የተነሣ ጅብና አህያ በአንድ ሰፈር፣ እንዲያውም በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ይኖሩ ነበር ከተባለ። እሷ ቤቷ የምትገባው ለመተኛት ብቻ ነው። ጅብ ደግሞ ከነጋ እስኪመሽ ገበያ ላይ «ጨምር» ሲል ይውላል።

ስም ነበራት። የሚጠራት ግን አልነበረም። ከተማው ሁሉ የሚያውቃት «መጭ» በሚለው ነው። መጭ ሲሏት ትሄዳለች።

አንድ ቀን ጎተራው ደጃፍ ላይ ስታራግፍ ቀበሮን ጠየቀችው።

«አያ ቀበሮ፣ ይሄ ጎተራ የሚሞላው መቼ ነው?»

ቀበሮ ሳቀ። «ከሞላማ ሌላ ጎተራ ይሠራል።»

«እሱም ከሞላስ?»

«ከዚህ የምንማረው» አለ ቀበሮ፣ የንግግሩ ማሰሪያ ሁልጊዜ ይኸው ነበርና፣ «ከዚህ የምንማረው፣ ጥያቄ ሸክም እንደማያቀል ነው። በይ መጭ።»

* * *

የሳሉ በሽታ ከየት እንደመጣ ያወቀ የለም። የቆላዎቹ ከደጋ ወረደ አሉ። የደጋዎቹ ከቆላ ወጣ አሉ። መጀመሪያ አንድ ሙክት ገበያው መሀል ሳል ያዘው፤ ተንበረከከ፤ አልተነሣም። ቀጥሎ ሚዛን ያዡ ከርከሮ። ቀጥሎ ስማቸውን ማንም የማይዝላቸው ብዙ ትናንሾች።

ያን ጊዜ ቀበሮ በየመንገዱ እየዞረ ለፈፈ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። አንበሳ እንዲህ ብሏል። ሁሉም በየቤቱ ይግባ። በሩን ይዝጋ። ጦጣ ከጎተራው ምግብ እያወረደች በየደጃፉ ታስቀምጣለች። ማንም ከማንም ደጅ አይድረስ። ከዚህ የምንማረው…»

ሳል አቋረጠው።

ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። በሮች ተዘጉ። የዚያን ዕለት ትምህርቱ ሳይነገር ቀረ።

* * *

አህያ ማለዳ ነቃች። ቤቱ መሀል ቆመች። ትንፋሿን ሳበች። ያዘችው።

የሚሸመቅቅ አልመጣም።

ለቀቀችው።

በማግሥቱም እንዲሁ ቆመች። በማግሥቱም። ልማድ በሩ ሲዘጋበት ውጭ አይቀርም፤ አብሮ ይገባል። ከብዙ ቀን በኋላ ነው መቆሙን ትታ የተቀመጠችው፤ ስትቀመጥም ጣሪያው ሥር ካለችው ቀዳዳ ፀሐይ ስትገባ አየች። ፀሐይዋ ወለሉን አቋርጣ ግድግዳው ላይ ወጣችና ጠፋች። ይህች ፀሐይ ስንት ዘመን ባዶ ቤት ስትገባና ስትወጣ ኖራ ይሆን ብላ አሰበች። የመጀመሪያው ሐሳቧ ይህ ነበር።

በሯ ላይ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ የሚታየው የእትዬ ፍየል በር ነው። እትዬ ፍየል ባልቴት ናት፤ መንገደኛውን ሁሉ «ቀና ያውላችሁ» የምትል። አህያ ከበሯ ጋር ተጠግታ ትጮኻለች፦

«እትዬ ፍየል፣ ደህና ዋልሽ?»

«ይመስገን፣ ልጄ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ሁኚ።»

ይኸው ነው። ቀኑ ግን ይህን ካለፈ በኋላ ይረዝማል። መንገዱ ላይ የሚሄድ ነፋስ ብቻ ነበር። የገበያው ጩኸት ሲጠፋ አህያ ጆሮዋ የተደፈነ መሰላት፤ ደጋግማ አራገፈችው። ድሮ ያ ጩኸት እንዲቆም ስትመኝ ነበር። አሁን ማንም ይሁን ማን «አንቺ» ቢላት ተመኘች።

አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ የሚያጉረመርም ነገር ሰማች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አያ ጅቦ?»

«አዎ። ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተቀምጫለሁ። አንተስ?»

«እኔም ተቀምጫለሁ።»

ሁለቱም ከግድግዳው አልተነሡም።

«ዛሬ ተሸክመሻል?» አለ ጅብ።

«አልተሸከምኩም።»

«ትናንትስ?»

«አልተሸከምኩም።»

ከግድግዳው ማዶ ሆዱ ሲጮህ ሰማች።

«ሕጉ የሚለው የሚሸከም አይበላም ነው» አለ ጅብ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«እና የማይሸከም…»

«ስለማይሸከም ሕጉ ምንም አላለም፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ አሰበ። ጅብ ሲያስብ ይሰማል፤ ጥፍሩ መሬቱን ይጭራል።

«አላለም» አለ በመጨረሻ። «አንበሳ ረስቶት ይሆን?»

«ይሆናል። በሩ ሲከፈት ጠይቀው።»

«እጠይቀዋለሁ።» ደግሞ «አትሂጂ» አለ።

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«ከግድግዳው። ከግድግዳው አትራቂ ነው የምልሽ።»

* * *

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ጅብ ብልህ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልነገሩት አይገባውም። አህያ ግን የምትናገረውን ሁለት ጊዜ የሚያስደግማት አግኝታ አታውቅም ነበርና ደስ አላት።

«ስምሽ ማነው?» አላት አንድ ከሰዓት።

«ስሜን አታውቅም?»

«መጭ አይደለም እንዴ?»

«መጭማ መሄጃዬ ነው። እናቴ ቡሌ ትለኝ ነበር።»

«ቡሌ» አለ ጅብ።

ጆሮዋ በራሱ ቀጥ አለ። ስሙን ከሰማችው ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር።

«ቡሌ» አለ እንደገና።

«አቤት።»

«ምንም። ልበለው ብዬ ነው።»

ጦጣ ማለዳ ማለዳ ትመጣለች፤ ለአህያ ጭድ፣ ለፍየል ሣር፣ ለጅብ የደረቀ አጥንት ታስቀምጣለች። ከሩቅ ሆና ሁለት ቃል ወርውራ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ እንዲህ አለች፦

«የጎተራው የላዩ አለቀ። የታቹን ጆንያ ስፈታው ምን ሆኖ አገኘሁት? ትቢያ። ነቀዝ ጨርሶታል።»

«የታቹ ሁሉ?» አለች አህያ።

«የታቹ ሁሉ። ማንም ሳይቀምሰው ነው የሞተው።»

ጦጣ ሄደች። አህያ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

«አያ ጅቦ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ። የኔ እህል ነበር።»

«እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ጀርባዬ መጀመሪያ የቆሰለው በሱ ነው።»

«እኔም ሳየው እጠግባለሁ ብዬ ነበር» አለ ጅብ። «እያየሁት አልጠገብኩም። ስለዚህ ጨምሩ አልኩ።»

«ሲጨምሩስ ጠገብክ?»

ጥፍሩ መሬቱን ሲጭር ቆየ። «ይሄን ነገር አትጠይቂኝ» አለ። «ራሴን ያመኛል።»

* * *

ከዕለታት በአንዱ በእትዬ ፍየል ደጃፍ ሣሩ ሳይነሣ ዋለ። በማግሥቱ ጦጣ በላዩ ሌላ ሣር ጣለችበት። በማግሥቱም።

«እትዬ ፍየል፣ ደህና ዋልሽ?» አለች አህያ በስንጥቁ።

ነፋሱ ከላይ ያለውን ሣር አንሥቶ መንገዱ ላይ በተነው።

«አያ ጅቦ» አለች ወደ ግድግዳው ሄዳ። «የእትዬ ፍየል ሣር እየጨመረ ነው።»

«እየጨመረ?» ጅብ ተነሣ። «እንዴት ያለች ዕድለኛ ናት።»

«አታነሣውም ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ብዙ አላታ።»

«አያ ጅቦ፣ እትዬ ፍየል የለችም።»

ጅብ በሩ ድረስ ሄዶ በራሱ ስንጥቅ አሾልኮ ሲያይ ሰማችው። ክምሩ እስከ በሩ መቀርቀሪያ ደርሶ ነበር። አረንጓዴ ነው። ጅብ የጨመረ ነገር አይቶ ሲፈራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ማን ያለቅስላታል?» አለ ተመልሶ።

«ማን ይወጣል ብለህ?»

«ድንኳን የለም። ጎረቤት የለም። እንዲሁ ሣር ሥር ትቅር? እኔ ላልቅስላት? ግን የኔ ልቅሶ ሳቅ ይመስላል ይላሉ።»

«አልቅስ። እኔ አውቀዋለሁ።»

ጅብ አለቀሰ። ድምፁ በባዶው መንገድ አሽካካ። ከየቤቱ «ምን ያስቀዋል ይሄ ከርሳም?» የሚል ተሰማ፤ መስኮቶች ተዘጉ። አህያም አለቀሰች፤ የአህያ ልቅሶም ቢሆን ከአህያ ጩኸት አይለይም። በሰፈሩ ውስጥ ሁለቱ እያለቀሱ መሆናቸውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

* * *

ከዚያ በኋላ ጀርባዋን አሳከካት። ግድግዳው ላይ ስትታከክ ቅርፊቱ ረገፈ። ከሥሩ ለስላሳ ነገር ነበር።

«ጀርባዬ ላይ ፀጉር በቀለ» አለችው።

«ምን ያህል?»

«እንደ ዝንብ ክንፍ።»

«ነገስ?»

«ነገ ትንሽ ይጨምራል። ከዚያ አንድ ቀን ይቆማል።»

«ለምን ይቆማል?» ጅብ ደነገጠ። «ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው። ፀጉር ልኩን ያውቃል። ቆዳውን ከሸፈነ ይበቃዋል።»

«ይበቃዋል» አለ ጅብ። ቃሉን እንደ ባዶ አጥንት ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። «አድጎ የሚቆም ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔና አንተስ? ግልገል ነበርን። አደግን። ቆምን። በዚያው ብንቀጥል ይሄን ጊዜ ጣሪያው የት ይደርስ ነበር?»

ጅብ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ እንደሆነ አወቀች። ልዩነቱን ለይታ ነበር።

«ቡሌ።»

«አቤት።»

«በሩ ሲከፈት ወንዝ እንውረድ።»

«ምን ተሸክሜ?»

«ምንም። ፀሐይ እንሙቅ። አንቺ ጀርባሽን ታሞቂዋለሽ፤ እኔ ሆዴን።»

«ምንም ሳልሸከም? የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው። ስሚ፣ ከፀሐይ ላይ ምርቃት የሚጠይቅ የለ።»

አህያ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከማዶም የሚደገፍ ነገር ተሰማት። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁለቱ በተደገፉበት በኩል ግን ሞቅ አለ። ወይም መሰላት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የፈራችው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ሳይከፈት መሞት። አሁን ሌላ ፍርሃት ተጨመረባት። በሩ ሲከፈት ይህ ግድግዳ ምን ይሆናል?

* * *

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። ሳሉ ሄዷል። በሮች ይከፈቱ። አገር ወደ ቀድሞው ይመለስ። የጠፋው ጊዜ ይካሳል።»

ቀበሮ ከስቷል፤ ድምፁ ግን አልከሳም። በሮች አንድ በአንድ ተንቋቁ። አራዊቱ ወጡ፤ ብርሃኑ አስጨነቃቸው፤ እንደማይተዋወቁ ተያዩ። በእትዬ ፍየል በር ፊት ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሁሉም ዞር እያለ አለፈው።

አህያ አልወጣችም። ጀርባዋን በጅራቷ ጠራርጋ በሩ ሥር ቆመች። ጅብ መጥቶ እንዲጠራት ነው የምትጠብቀው። ወንዝ ለብቻ አይወረድም።

ጅብም ወደ እሷ በር ነበር የወጣው። የምሩን። ግን እግሩ ከጭንቅላቱ ይቀድማል፤ እግሩ የሚያውቀው ደግሞ የገበያውን መንገድ ነው። ሲባንን ገበያው መሀል ቆሟል። አንበሳ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል፤ ቀበሮ አጠገቡ ነው፤ ባዶ ጆንያዎች ተደርድረዋል።

«አያ ጅቦ፣ እንኳን በደህና ወጣህ» አለ ቀበሮ። «ስፍሩን ልንጀምር ነው። ይሄ ሁሉ ቀን ምርቃት ሳይጨመርበት ቀርቷል። ዛሬ በአንድ ላይ ይጨመራል።»

«እኔ እንኳ ወንዝ ልወርድ ነበር።»

«ወንዝ ምን አለ?»

«ፀሐይ።»

«ፀሐይ ተሽጦ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ሂድ። ያንተን ቦታ ተኩላ ይፈልገዋል።»

ጅብ ወደ ወንዙ አየ። ወደ ጆንያዎቹ አየ። በልቡ ይዞት የወጣው ጥያቄ ትዝ አለው። ጠይቅ ተብሏልና ጠየቀ።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ሕጉ የሚሸከም አይበላም ይላል። ስለማይሸከም ግን ምንም አይልም። ረስተኸው ነው?»

አንበሳ ዓይኑን ገለጠ። «እውነትም» አለ። «ይጨመርበት።»

* * *

አህያ የእግር ኮቴ ሰማች። የአንድ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ከሌላው ሁሉ የጅብን ለየችው፤ ጥፍሩን ታውቀዋለች።

ውጭ ቀበሮ በሹክሹክታ «ለምን አትወጣም?» አለ። «እኔ ብጠራት አትከፍትም። እዚያ ውስጥ ምን ብለህ ነበር የምትጠራት?»

ጅብ መሬት መሬት አየ። «ያ የግድግዳው ነው» አለ።

«ግድግዳው የለም አሁን። ጥራት።»

«ቡሌ» አለ ጅብ።

በሩ ተከፈተ።

ብርሃኑ ዓይኗን መታው። ከዚያ ጅብን አየችው። ከድምፁ ይልቅ ትንሽ ነበር። እሱም አያት። ጀርባዋን አየ፤ ቁስል በነበረበት ቦታ ፀሐይዋ ፀጉሩ ላይ አርፋለች።

«በቅሏል» አለ።

«አዎ» አለች። «ቆሟል።»

በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ሥር እንደተቀመጡት ሁሉ ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በዚያች ቅጽበት ከተማው ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ማንም ያልነበረ መሰላት። ከዚያ ከኋላው የተደረደረውን ሸክም አየች።

«ወንዙስ?» አለች።

«ከሸክሙ በኋላ።»

«ዛሬ?»

ጅብ ቀበሮን ዞር ብሎ አየ። «አንድ ቀን» አለ።

«እመት አህዪት» አለ ቀበሮ ቀደም ብሎ፣ ጅራቱን እየቆላ። «እንዴት አምሮብሻል። ያረፈ ጀርባ ይሏል እንዲህ ነው፤ ሁለት እጥፍ ይችላል። ለነገሩ እኛም አዝነን ቀንሰንልሻል።»

«ድሮ ከነበረው ይቀላል?»

«ነገ ከሚሆነው ይቀላል።»

«ብቀርስ?»

«ሕጉ ተሟልቷል። የሚሸከም አይበላም፤ የማይሸከም ይበላል። አንበሳ ረስቶት ኖሮ አያ ጅቦ አስታወሰው።»

አህያ ጅብን አየችው።

«ጠይቀው ብለሽኝ ነው» አለ ጅብ። አልዋሸም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቡሌ፣ ተሸከሚውና ይለፍ። ከተሸከምሽ ማንም አይነካሽም። እኔም አልነካሽም። ማታ ማታ ግድግዳው ሥር እናወራለን።»

«ማታ የማወራበት ትንፋሽ ከየት ይመጣል፣ አያ ጅቦ?»

ጅብ አሰበ። ጥፍሩ መንገዱን ጫረ።

ቀበሮ መጫኛውን ፈታ። እፍኝ ሙሉ እህል አንሥቶ መንገዱ ላይ በተቀመጠው ሸክም ላይ ጣል አደረገና የፊት እግሩን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ይጨምር» አለ።

ገርበብ ካሉ በሮች ውስጥ «አሜን» የሚል ተሰማ፤ የተበታተነ ነው፤ አንዱን እያለው ሳል አቋረጠው። ጅብም «አሜን» አለ። የቀረው የእሷ ብቻ ነበር። ቀበሮ እግሩን ሳያወርድ ጠበቀ። መንገዱ ሁሉ ጠበቀ። የእትዬ ፍየል ሣር በነፋሱ ተንኮሻኮሸ።

አህያ ሳታውቀው ትንፋሿን ስባ ይዛ ነበር።

«አሁን ልቀቂው» አለ ቀበሮ ገመዱን አዘጋጅቶ።

አልለቀቀችውም።

«በይ እንጂ» አለ ቀበሮ። ወደ ጅብ ዞረ። «በላት እንጂ።»

ጅብ አፉን ከፈተ። ሊላት የፈለገው ስሟን ነበር። ምላሱ ግን ከልቡ ቀድሞ የለመደውን አመጣ።

«መጭ» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ምርቃት ተብሎ የተጫነ ሸክም «አሜን» ካልቀረ እንደማይወርድ ነው፤ አህያም ያለ ሸክም ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ትንፋሿን ለቀቀችው፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።